የናሳ የእሳት ካርታ ለወሎ ደኖች፦ ለጠዋቱ ስምሪት የሚያገለግል፣ ለእሳቱ ግንባር የማይበቃ

ፈርምስ በሚል ምኅጻረ ስም የሚታወቀው የናሳ የእሳት መረጃ አገልግሎት፣ ሳተላይቶች በምድር ላይ ያዩትን እሳት ቦታውንና ሰዓቱን ለይቶ በካርታ ላይ በነጥብ የሚያሳይ ነጻ አገልግሎት ነው። ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው ሳይመዘገብና ሳይከፍል ካርታውን ሊያይ ይችላል። የዚህ ግምገማ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ በወሎ ደጋ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ እሳት እየነደደ ሳለ፣ ሰው አሰማርቶ የማጥፋት ኃላፊነት የተጣለበት ሰው በዚህ ካርታ ላይ ምን ያህል ሊመካ ይገባዋል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሌሊት የታየው መረጃ ለማግስቱ ጠዋት ስምሪት ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ቀን የታየው ግን እሳቱ ፊት ለቆመ ሰው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ካርታውን የሚከተል መሪ ያሰማራቸውን ሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

አገልግሎቱ በዋናነት የሚመካባቸው መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሞዲስ የተባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጠቀችው ቴራ እና በ2002 በመጠቀችው አኳ ሳተላይቶች ላይ ተገጥሟል። ሁለተኛው ቪርስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በመጠቀችው ሱኦሚ ኤንፒፒ፣ በ2017 በመጠቀችው ኖዓ-20 እና በ2022 በመጠቀችው ኖዓ-21 ላይ ይገኛል። ቴራና አኳ አርጅተዋል፤ ቀድሞ ከነበሩበት ምህዋርም ፈቀቅ ብለዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞዲስ አንዱ ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬትን ይወክላል፤ ይህም 100 ሄክታር፣ በገበሬው ልኬት ወደ 400 ጥማድ ነው። የቪርስ ነጥብ ግን ሳተላይቷ በአናት ስታልፍ 375 ሜትር በ375 ሜትር ወይም 14 ሄክታር ያህል፣ ማለትም 56 ጥማድ ገደማ ነው። ገደልና ሸንተረር በበዛበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል ስላልሆነ፣ በወሎ ለሚሠራ ሰው ቪርስን ብቻ አብርቶ ሞዲስን ማጥፋት ይሻላል ባይ ነኝ።

ካርታውን በስልክ ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚያዩት በሳተላይት ምስል ላይ የተበተኑ ቀይ ነጥቦችን ነው። አንዱን ነጥብ ሲነኩት ትንሽ ሰንጠረዥ ይከፈታል፤ በውስጡም ነጥቡን ያየችው ሳተላይት፣ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ የእርግጠኝነቱ ደረጃ እና በሜጋዋት የተለካ የእሳቱ የሙቀት ጉልበት ይገኛሉ። የእርግጠኝነቱ ደረጃ በቪርስ ዝቅተኛ፣ መደበኛና ከፍተኛ ተብሎ ይከፈላል። ይህን ሰንጠረዥ አንድ በዕድሜ የገፉ የደን ጠባቂ ጎን ቁጭ ብዬ ሳሳያቸው፣ ነጥቦቹን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ ይሄ የተቃጠለው ነው ወይስ የሚቃጠለው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ አገልግሎቱ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ያህል ከነገሩ ልብ የገባ አላጋጠመኝም። ነጥቡ ከሁለቱ አንዱንም አይደለም፤ ሳተላይቷ በዚያ ሰዓት ስታልፍ እየነደደ የነበረውን ነው የሚያሳየው። ሳተላይቷ ካለፈች በኋላ የነደደውን አያውቅም፤ ከማለፏ በፊት ነድዶ የጠፋውንም አያሳይም። በሁለት ነጥቦች መካከል ባዶ የሆነ ቦታ ማየትም ያ ቦታ አልተቃጠለም ማለት አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሚወርደው የመረጃ ፋይል ላይ ያለው ሰዓት ዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ሰዓት መቀነስ፣ ቀሪው ከ12 በላይ ከሆነ ደግሞ 12 መቀነስ ነው፤ 10፡30 ተብሎ የተጻፈው ከቀኑ 7፡30፣ 22፡30 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ከሌሊቱ 7፡30 ይሆናል። ሌሊት የታየው እሳት በፋይሉ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የቀደመውን ቀን ቁጥር ይዞ እንደሚገኝም መታወቅ አለበት። በዚህ ምክንያት የዛሬውን ሌሊት ነጥብ የትናንት አድርጎ መተው፣ ወይም የትናንት ቀትሩን የዛሬ አስመስሎ ማንበብ በጣም ቀላል ነው። ቡድን የሚመራ ሰው ነጥቦቹን ወደ ወረቀት ካርታ ሲያሸጋግር በእያንዳንዱ አጠገብ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር መጻፍ ይኖርበታል።

ቪርስን የተሸከሙት ሦስቱም ሳተላይቶች በአንድ አካባቢ ላይ የሚያልፉት ከቀኑ 7፡30 እና ከሌሊቱ 7፡30 ግራና ቀኝ ነው። መረጃው ተቀነባብሮ ካርታው ላይ የሚወጣው ሳተላይቷ ካለፈች በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። ይህንን ከእሳቱ ጠባይ ጋር አያይዘን እንመልከተው። በደጋው አገር ሣሩና ቅጠሉ ይበልጥ የሚደርቀው፣ ነፋሱም ከሸለቆ ወደ ተራራ አናት የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው። እሳቱ በፍጥነት የሚሮጠውም በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ከቀኑ 7፡30 የታየው ነጥብ ቢዘገይ 10፡30 ላይ ሲደርስ፣ እሳቱ የቀኑን ዋና ሩጫውን ጨርሶ ሌላ ሸንተረር ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀን ነጥብ ተመርቶ «እሳቱ እዚህ ስለሆነ እናንተ እዚያ ቁሙ» ብሎ ማዘዝ ሊታሰብ አይገባም። ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ይጨምራል፣ ነፋሱ ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ እሳቱም በአብዛኛው ይዳከማል። ከሌሊቱ 7፡30 የታየው ቢዘገይ ሌሊት 10፡30 ላይ ካርታው ላይ ይገኛል፤ ቡድኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከመሰማራቱ በፊትም መሪው የእሳቱን ጠርዝ አቀማመጥ በእጁ ይዟል ማለት ነው። በሌሊት ማንም ሰው ወደ ጥቅጥቅ ደን ገብቶ ይህን መረጃ ሊያመጣለት አይችልም፤ መሪውም ሰው ሊልክ አይገባም። ለእኔ የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የሌሊቱም ነጥብ ቢሆን እግር የሚተከልበትን ቦታ አይጠቁምም። ካርታው የሚያስቀምጠው የዚያን 14 ሄክታር መሬት መሐል ነጥብ እንጂ እሳቱ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አይደለም፤ እሳቱ በዚያ መሬት ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ሳተላይቷ በአናት ሳይሆን በጎን ስታልፍ ደግሞ የሚወከለው መሬት ይሰፋል። ሜዳ ላይ ይህ ብዙ ችግር ላይፈጥር ይችላል። ቦረና ሳይንት አካባቢ እንዳለው ዓይነት ገደል ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ከገደሉ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው፤ ከላይ ሲታይ አጠገብ ለአጠገብ የሆኑ ሁለት ተዳፋቶች በእግር ግማሽ ቀን ሊያራርቁ ይችላሉ። ካርታው ከወንዙ ወዲህ ያስቀመጠውን ነጥብ ከማዶ የቆመ ሰው በዓይኑ አይቶ ሳያረጋግጥ ቡድን መላክ አይገባም። በዚህ ረገድ ከየትኛውም ካርታ የሚበልጠው በትይዩ ሸንተረር ላይ ስልክ ወይም ሬዲዮ ይዞ የተቀመጠ፣ የቦታውን ስም የሚያውቅ የአገሬው ሰው ነው።

የነጥብ አለመኖርም ሊያዘናጋ አይገባም። ደመና ለእነዚህ መሣሪያዎች ግድግዳ ነው። በወሎ የበልግ ደመና ዝናብ ሳያወርድ ለቀናት ሰማዩን ሊሸፍን ስለሚችል፣ እሳቱ ከሥሩ እየነደደ ካርታው ባዶ ሆኖ ሊውል ይችላል። ጭስ ያን ያህል አያግዳቸውም። የጽድና የወይራ ደን አናቱ ገጥሞ ጥላ በሠራበት ቦታ ደግሞ፣ በወደቀ ቅጠልና በበሰበሰ ግንድ ላይ ቀስ እያለ የሚሄደው የመሬት እሳት ከላይ ላይታይ ይችላል። የአገልግሎቱ አዘጋጆች እንደሚገልጹት ሞዲስ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን እሳት በመደበኛነት ይለያል፤ ሁኔታው ሲመቸው ከዚያም ያነሰውን ያያል። ይህ ግን ክፍት መሬት ላይ ነበልባሉ ለሚታይ እሳት እንጂ ከሥር ለሚጤስ ግንድ የሚሠራ አይደለም።

እዚህ ላይ በወሎ ደኖች መካከል ልዩነት ማድረግ ያስፈልጋል። የየጎፍ ደን ደሴና ኮምቦልቻን የመሰሉ ከተሞች በቅርብ ያሉት ስለሆነ፣ እዚያ ጭስ ቢነሳ ሳተላይት ከማለፏ በፊት ብዙ ዓይን ያየዋል፤ ስልክ ይደወላል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይጣራል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ፈርምስ እሳቱን ለማግኘት ሳይሆን ከቀናት በኋላ ሂደቱን ለመከታተል ብቻ ነው የሚጠቅመው። በደንቆሮ ደንና በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከመንገድ የራቀ ነው፤ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ የተባሉት የደጋ ተክሎች ከላይ፣ ጥቅጥቁ ደን ከታች በገደላገደል ተያይዘዋል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ቦታም ነው። አስታ ደግሞ እርጥብ ሆኖ እንኳ የሚነድ ተክል ስለሆነ፣ እሳት አንዴ ከገባበት ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ይዘላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የፓርኩ ጠባቂዎች (ስካውቶች) ከሚያዩት ቀድሞ የሚመጣ አንድ የሌሊት ነጥብ የአንድ ቀን ጉዞን ያህል ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል። አገልግሎቱን ለወሎ ስመዝነው ሚዛኑን ወደ ጥሩ ጎን የሚያደፋው ደንቆሮና መሰሎቹ ናቸው።

ቡድኑ ቦታው ከደረሰ በኋላ የሚያስፈልገው እውቀት ካርታው ውስጥ የለም። እሳት ዳገት ሲያገኝ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ባለሙያዎች እንደ ግምት መነሻ የሚጠቀሙበት ስሌት፣ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ እንደሚጨምር ነው። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ዳገት ላይ ያለ እሳት ሜዳ ላይ ካለው አራት እጥፍ ይሮጣል። ከእሳቱ በላይ ባለ ዳገት፣ በተለይም ነፋሱን እንደ ጭስ ማውጫ በሚስብ ጠባብ ሸለቆ አናት ላይ ሰው ማቆም አይገባም። ነበልባሉ ከ1.2 ሜትር በላይ ከሆነ በዶማ፣ በአካፋና በእርጥብ ቅርንጫፍ ፊት ለፊት መግጠም አይቻልም። ያኔ ሥራው ከተቃጠለው መሬት ወይም ከድንጋያማ ቦታ ተነስቶ፣ በጎንና በጎን እየሄዱ ሣሩንና ሥሩን እስከ ባዶ አፈሩ ድረስ ጠርጎ መስመር መቁረጥ ነው። መስመሩ ከጠንካራ መነሻ ካልጀመረ እሳቱ ከኋላ ዞሮ ሰዎቹን መሐል ሊያስገባቸው ይችላል።

በእሳት ማጥፋት ሙያ ውስጥ ከሥራው በፊት አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው ይባላል፦ ከሩቅ ሆኖ እሳቱን የሚያይ ጠባቂ፣ የማይቋረጥ ግንኙነት፣ ሁሉም የሚያውቀው የማምለጫ መንገድ፣ ማምለጫው የሚያደርስበት አስተማማኝ ቦታ። ከአራቱ አንዱንም ፈርምስ አይሰጥም። ይህን የምለው አገልግሎቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የተሠራው ለዚህ አልነበረምና። የሚያሳስበኝ በስልክ ላይ የሚታየው የቀይ ነጥብ ውበት እነዚህን አራቱን እንደተኩ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በወሎ እሳት ለማጥፋት የሚወጣው ሕዝብ በአብዛኛው በቅሬው (በእድሩ)፣ በጎጡና በቀበሌው የሚጠራ ገበሬና ወጣት ነው። ይህ ሕዝብ ከወገቡ በላይ ከሚነድ እሳት ጋር በቅርንጫፍ ይጋፈጣል፤ ለአገሩ ደን ሲል ወደኋላ አይልም። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚገባው ክብር፣ ከመሰማራቱ በፊት የት እንደሚያፈገፍግ በግልጽ የሚነግረው መሪ ነው። ልብሱ ናይሎን ከሆነ በሙቀት ቀልጦ ከገላው ላይ እንደሚጣበቅ፣ ጋቢው ግን ጥጥ ስለሆነ እንደማይቀልጥ፣ ቆሞ የሚነድ ያረጀ ጽድ ሳይታሰብ እንደሚወድቅ የሚነግረው ሰውም ያስፈልገዋል።

በትልልቅ እሳቶች ላይ የሰው ጉልበት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ እንዳለ አገራችን አይታለች። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በደቡብ ኢትዮጵያው ቦረና የተነሳው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን አጥፍቷል። በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተነሳው እሳት ደግሞ የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር ተሳትፈዋል። ሄሊኮፕተር በሚመጣበት ጊዜ የፈርምስ ጥቅም ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ፋይሉ በጉግል ኧርዝ ተከፍቶ ለአብራሪው የእሳቱን ጠቅላላ ስፋትና ቅርጽ ያሳያል። ነገር ግን ከላይ የሚወርድ ውኃ ነበልባሉን ያበርዳል እንጂ እሳቱን አይጨርሰውም። ከሥር ያለው ሰው ተከትሎ ካልቆፈረና ካላገላበጠ ተመልሶ ይነሳል።

ከጠፋ በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው። ነጥቦቹ ከካርታው ሲጠፉ የሚመጣው የመጀመሪያ ፍላጎት ሰውን ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ይህ መሆን የለበትም። የጽድ ሥር ከመሬት በታች፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የወይራ ግንድም በሆዱ እሳት ይዞ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ይህን ሙቀት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት ላታየው ትችላለች። የሚፈተነው በእጅ ነው፦ ጓንት ይወልቃል፣ የእጅ ጀርባ ወደ አመዱ ይጠጋል፣ ሙቀት ከተሰማ ቦታው በዶማ ይከፈታል፣ ፍሙ ከአፈርና ከውኃ ጋር ይለወሳል፣ እንደገና በእጅ ጀርባ ይፈተሻል። በጀርባ የሚታዘለው የውኃ መርጫም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ትልቅ ነበልባል ላይ ብዙም አያደርግም፣ በተከፈተ ፍም ላይ ግን እያንዳንዱ ሊትር ቁም ነገር አለው። እሳት ጠፍቷል ብሎ ለማወጅ ፈርምስን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ከሁሉም የከፋ አጠቃቀም ነው ብዬ አምናለሁ።

አገልግሎቱን በወሎ ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው የሚበጀው ካርታውን ሲከፍትና ሲዘጋ ከመዋል ይልቅ የኢሜል ማስጠንቀቂያውን ማዘጋጀት ነው። ካርታው ብዙ ዳታ ይበላል፣ ደካማ መስመር ባለበት ቦታም ለመከፈት ይዘገያል፤ ኢሜሉ ግን ቀላል ነው። ለማስጠንቀቂያው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ክፍያ ግን የለውም። የሚከታተሉትን ቦታ በካርታው ላይ አራት ማዕዘን ሥሎ መምረጥ ይቻላል። አራት ማዕዘኑ ጠባብ ይሁን። ዞኑን ሙሉ ያካተተ ሰው በበጋ ወራት ገበሬው ለእርሻ ዝግጅት የሚያቃጥለው ቃርሚያና ምንጣሮ ሁሉ ይደርሰዋል፤ ማስጠንቀቂያ የሰለቸው ሰው ደግሞ ዋናው ሲመጣ አይከፍተውም። ወደ አፋር አብዝቶ የዘረጋም የእርታአሌን እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ያገኛል፤ መሣሪያው የሚለየው ሙቀትን እንጂ የሙቀቱን ምክንያት አይደለምና። በእኔ አስተያየት ለደንቆሮ አካባቢ የደኑን ዳርና ከዳሩ ውጭ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ማካተት ይበቃል፤ ከእርሻ የሚነሳው እሳት ወደ ደኑ የሚገባው ከዚያው ጠርዝ ነውና።

ማስጠንቀቂያውን አንድ ሰው ብቻ እንዲቀበል ማድረግ አይገባም። ከፓርኩ ወይም ከደኑ ጥበቃ አንድ፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ፣ ሌሊት ስልኩን የማያጠፋ ተረኛ አንድ ቢሆኑ መልካም ነው፤ በተለይ ከጥር እስከ ግንቦት፣ በልጉ ከዘገየም እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ። ገጹም ኢሜሉም በአማርኛ ስለማይመጡ፣ ከተረኛው ወደ ቀበሌውና ወደ ቅሬው ሰብሳቢ የሚያልፈው መልእክት አጭር የአማርኛ የስልክ መልእክት መሆን ይኖርበታል፦ የቦታው የአገሬው ስም፣ እሳቱ የታየበት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ከማዶ ሆኖ እንዲያረጋግጥ የተጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ፣ እና እሱ አይቶ እስኪመልስ ድረስ ማንም ወደ ሸለቆው እንዳይወርድ።